አውራው ድኩላ የሚተወው ምልክት

አደን ሲባል ብዙ ሰው በሐሳቡ የሚመጣለት ጠመንጃና ተኩስ ነው። ነገር ግን ሥራውን የሚያውቁ ሽማግሎች እንደሚናገሩት ተኩሱ የአንድ ቅጽበት ጉዳይ ሲሆን፥ የቀረው ጊዜ ሁሉ የሚያልፈው መሬት መሬቱን በማየት ነው። እንስሳው ራሱ ሳይታይ ማን እንደ ሆነ፥ መቼ እንዳለፈ፥ ወዴት እንደ ሄደ፥ ወንድ ይሁን ሴት፥ ጎረምሳ ይሁን ሽማግሌ፥ ይህን ሁሉ ከተወው ምልክት መረዳት ከመጽሐፍ ንባብ የማይተናነስ ጥበብ ነው። ፊደሎቹም ኮቴ፥ በጠጥ፥ የተላጠ ቅርፊትና የተቀነጠበ ቅጠል ናቸው። እኔም በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ስለዚሁ ጥበብ የተማርሁትን ለመግለጽ አሰብሁ። «በ22 ሠፈር ተወልዶ በአስፋልትና በሲሚንቶ መካከል ያደገ ልጅ ስለ ድኩላ ምን ያውቃል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም፤ ጥቂት ቢታገሠኝ ግን መልሱን ያገኛል።

አስቀድሞ የስሙን ጉዳይ ማቃናት ያስፈልጋል። በእንግሊዝኛ መጻሕፍት «ዲር» የሚባለውን እንስሳ በእኛ ቋንቋ አንዳንዱ አጋዘን፥ አንዳንዱ ዋላ እያለ ይተረጉመዋል። ይሁን እንጂ እውነተኛው ዲር በአገራችን የለም። በአፍሪካም ቢሆን በተፈጥሮው የሚገኘው በሰሜን በኩል በአልጄሪያና በቱኒዚያ ደኖች ነው። ዋናው ልዩነት ቀንዱ ላይ ነው። የዲር ወንድ ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚከፋፈል አጥንት ሲሆን በየዓመቱ ይወድቅና እንደ ገና ይበቅላል። የእኛዎቹ ድኩላ፥ አጋዘን፥ ሚዳቋ፥ ሰስና እንሹ ግን ቀንዳቸው እንደ በሬና እንደ ፍየል ነው፤ ውስጡ አጥንት፥ ውጭው ቀፎ ሆኖ እስኪሞቱ ድረስ አይለያቸውም። ማየት የሚፈልግ ሰው በቤቱ መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የቀረ የ10 ሳንቲም ፍራንክ ፈልጎ ይመልከት፤ በአንዱ ፊት አንበሳ፥ በሌላው ፊት የደጋ አጋዘን ተቀርጾበታል። ይህ የደጋ አጋዘን በሌላ ስሙ ኒያላ የሚባለው፥ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ በየትም አገር የማይገኘው እንስሳ ነው።

ስለ ወንድ እንስሳ ምልክት ብዙ የተጻፈው በአሜሪካ ስለሚገኘው ጅራተ ነጭ ዲር ነው። የዚህ ዲር ቀንድ በጸደይና በበጋ የሚያድገው ደም በሚመላለስበት ለስላሳ ቆዳ ተሸፍኖ ነው። ቀንዱ ሲጠነክር ቆዳው ይደርቃል፤ በዚያን ጊዜ ወንዱ ቀንዱን ከለጋ ዛፍ ጋር እያሸ ቆዳውን ይገፍፈዋል፤ የዛፉም ቅርፊት አብሮ ይላጣል። ቆዳው ካለቀም በኋላ ማሸቱን አይተውም፤ ከግንባሩ የሚወጣ ሽታ ስላለው በላጠው እንጨት ላይ ይቀባዋል። ከዚህም ሌላ ዝቅ ብሎ በተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ሥር መሬቱን በፊት እግሩ ይጭርና ይሸናበታል፤ ቅርንጫፉንም ያኝከዋል። ሌላ ወንድ ሲመጣ አሽትቶ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ያውቃል። የሴት ፍለጋው ወራት እየቀረበ በሄደ መጠን የተላጠውም ዛፍ የተጫረውም መሬት ይበዛል። የዚያ አገር አዳኝ ይህን ተከትሎ ነው የሚያደባው። ይሁን እንጂ አውራው ወደ ጫረው ስፍራ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ስለ ሆነ፥ ጭረቱን አግኝቶ ቀኑን ሙሉ የጠበቀ ሰው ብዙ ጊዜ ባዶ እጁን ይገባል።

ይህን ያነበበ ሰው ወደ እኛ ደን ገብቶ ያንኑ ቢፈልግ ይሳሳታል። ድኩላና የደጋ አጋዘን የሚገፈፍ የቀንድ ቆዳ የላቸውም። ሚዳቋና እንሹ ከዐይናቸው በታች ሽታ የሚያወጣ ዕጢ ሲኖራቸው እነዚህ ሁለቱ ግን ይህም የላቸውም። ሆኖም ወንዶቹ ቁጥቋጦ በቀንዳቸው ይቀጠቅጣሉ፤ መሬትም ይወጋሉ። የሚያደርጉትም ጉልበታቸውን ለማሳየትና ንዴታቸውን ለመወጣት ነው። ከዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ጠቃሚ ነገር አለ። ድኩላም ሆነ የደጋ አጋዘን ሴቷ ቀንድ የላትም። ስለዚህ በቀንድ የተቀጠቀጠ አምጃ ወይም ለጋ ጥድ ያየ ሰው ሌላ ማስረጃ ሳያስፈልገው «ወንድ እዚህ ነበር» ሊል ይችላል። ቁመቱም ይናገራል። ቁስሉ ከሰው ጉልበት አካባቢ ከሆነ ድኩላ ነው፤ እስከ ወገብና ከዚያም በላይ ከወጣና ጠንካራ ቅርንጫፍ ከተሰበረ፥ ስፍራውም የባሌ ወይም የአርሲ ደጋ ከሆነ፥ እስከ 300 ኪሎ የሚመዝነው የደጋ አጋዘን አውራ ነው። በሌላ አገር ግን ከብት እንዳይሆን አስቀድሞ እረኛ መጠየቅ ነው።

አሁን እኔ ይህን ከየት እንዳመጣሁት ልናገር። አያቴ በጎረምሳነታቸው፥ ከ1966ቱ አብዮት በፊት፥ በአርሲ ተራሮች ላይ ፈቃድ ይዘው ለሚያድኑ ሰዎች ዱካ ይከተሉ ነበር። ዛሬ ዕድሜያቸው ገፍቶ ከእኛ ጋር በ22 ይኖራሉ። ጠመንጃ ካነገቱ ከኀምሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ዐይናቸው ግን ከመሬት አይነሣም። ገና ልጅ ሳለሁ ለእንቁጣጣሽ በግ ተራ ሲወስዱኝ ዋጋ ከመጠየቃቸው አስቀድሞ ጭቃውን ያሳዩኝ ነበር። «የትኛው በግ፥ የትኛዋ ምን እንደ ሆነች በዱካው ንገረኝ» ይሉኛል። በጉ ሲሸና ሽንቱ የሚወድቀው በፊትና በኋላ ኮቴዎቹ መካከል ነው፤ የሴቷ ግን በኋላ ኮቴዎቿ ላይ ወይም ከዚያ ወደ ኋላ ነው። ይኸው ሕግ ለድኩላም ለአጋዘንም ይሠራል። ሠፈራችን ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር አንድም ሕንፃ የማይሠራበት፥ አንድም መንገድ የማይቆፈርበት ዓመት ስለሌለ ጭቃ አጥተን አናውቅም። ጎረቤቶቻችን እኔና አያቴ ጎንበስ ብለን የሰውና የውሻ ዱካ ስንመረምር እያዩ ብር የጠፋብን ይመስላቸው ነበር።

ስለ ኮቴ በዝርዝር ልግለጽ። የድኩላ ኮቴ ከክብሪት ቀፎ ርዝመት እምብዛም አይበልጥም። ጠበብ ያለ፥ ፊቱ የሾለ፥ ለሁለት የተከፈለ ልብ ይመስላል። ሹሉ ወገን እንስሳው የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። የፊት እግር ኮቴ ከኋላው ሰፋ ይላል፤ ምክንያቱም ራስና አንገትን የሚሸከመው እሱ ነው። የወንዱ አንገት ወፍራም፥ ራሱም ባለ ቀንድ ስለ ሆነ በፊትና በኋላ ኮቴው መካከል ያለው ልዩነት ከሴቷ ይልቅ ጎላ ብሎ ይታያል። ቀስ ብሎ ሲሄድ የኋላ እግሩ የፊት እግሩ በረገጠው ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ አራት እግር ያለው እንስሳ በሁለት እግሩ የሄደ ይመስላል። ሲደነግጥና ሲሮጥ ግን ሁለቱ ጣቶች ይፈለቀቃሉ፤ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ትርፍ ጥፍሮችም መሬት ይነካሉ፤ ዐፈሩም ወደ ኋላ ይበተናል። የሽማግሌው አውራ ኮቴ ደግሞ ጫፉ ዶልዱሞ ይታያል፤ ብቻውንም ስለሚሄድ በዙሪያው የሌላ ዱካ አይገኝም። አያቴ የመጨረሻውን ምልክት ከሁሉ አስበልጠው ያምኑታል። ድኩላ ግን ጎረምሳም ሆኖ ብቻውን መሄድ የሚወድ ስለ ሆነ፥ ይህ ምልክት ለደጋ አጋዘን እንጂ ለድኩላ ብዙ የሚያገለግል አይመስለኝም።

ከሁሉ የሚከብደው ጊዜውን መለየት ነው። አዲስ ዱካ ጠርዙ የተሳለ፥ ውስጡም ከዙሪያው ዐፈር ጠቆር ያለ ነው። ፀሐይ ሲያገኘው ጠርዙ ይፈርሳል፥ ቀለሙም ከሌላው መሬት ጋር ይመሳሰላል። ሌሊት ዝናብ ዘንቦ ከነበረና በዱካው ውስጥ የነጠብጣብ ጠባሳ ካለ፥ እንስሳው ያለፈው ከዝናቡ በፊት ነው፤ ጠባሳው በዱካው ተረግጦ ከጠፋ ግን ያለፈው ከዝናቡ በኋላ ነው። በኮቴው ላይ የሸረሪት ድር ተዘርግቶ ወይም የጥንዚዛ መንገድ አቋርጦት ከተገኘ፥ እንስሳው ርቆ ሄዷል። በጤዛ ጊዜ ደግሞ ሣሩ ራሱ ይመሰክራል፤ እንስሳ ያለፈበት ሣር ጤዛው ረግፎ በብርማው መስክ መካከል እንደ ጥቁር መስመር ይታያል።

በጠጥን የሚጸየፍ ሰው ይህን ትምህርት አይማር። አዲሱ እርጥብና የሚያብለጨልጭ ነው፤ ውሎ ሲያድር ይጠወልጋል፥ በመጨረሻም ይነጣል። የድኩላ በጠጥ ከፍየል በጠጥ ጋር ስለሚመሳሰል ብቻውን አያስተማምንም፤ ከብትና ፍየል በማይገባበት ስፍራ መገኘቱና አጠገቡ ያለው ኮቴ አብሮ መታየት አለበት። ዛሬ የዱር እንስሳት ተመራማሪዎችም ይህንኑ ንቀውት አልተዉትም። የደጋ አጋዘንን ብዛት ለመገመት በጠጡን በመስመር እየሄዱ ቆጥረዋል፤ የየትኛው እንስሳ እንደ ሆነ የሚያጠራጥረውንም በላቦራቶሪ ዲ.ኤን.ኤ.ውን መርምሮ መለየት ይቻላል። አያቴ ይህን ስነግራቸው ብዙ ሳቁ፤ «እኛ በነጻ ስንሠራው ኖረናል» አሉ።

ስለ ቅጠል አንድ ቃል ብቻ ልጨምር። ድኩላ በላይኛው መንጋጋው ፊት ጥርስ የለውም፤ ስለዚህ ቀንበጡን ይዞ ይጎትተዋል እንጂ አይቆርጠውም፥ ጫፉም ተበጣጥሶ ይቀራል። ጥንቸል የበላችው ግን በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል።

በምልክት ረገድ ድኩላን የሚያስንቁ ትንንሾች አሉ። እንሹ ከባልና ሚስት ሆኖ በአንድ ቀበሌ የሚኖር፥ ከጥንቸል ብዙ የማይበልጥ የቆላ እንስሳ ነው። በአዋሽ በኩል ያለፈ ሰው መንገድ ዳር አይቶት ይሆናል። ባልና ሚስቱ በድንበራቸው ላይ ሁልጊዜ በአንድ ስፍራ ይጸዳዳሉ፤ ሴቷ ከጨረሰች በኋላ ወንዱ ይመጣና የእሷን በእግሩ ጭሮ የራሱን በላዩ ይጥላል። ከዐይኑ ሥር ያለውንም ጥቁር ቅባት በቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ያኖራል። ገደል ላይ የሚኖረው ሰስም እንዲሁ የቁጥቋጦውን ጫፍ በጥቁር ቅባት ይቀባል፤ የሰስ ዱካ ግን በጥፍሩ ጫፍ ቆሞ ስለሚሄድ ሁለት ትንንሽ ክብ ነጥብ ብቻ ነው። ስለ ዋልያ አልጽፍም፤ እሱ ከፍየል ወገን ስለ ሆነ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ወደ ደጋ አጋዘን ልመለስ። የባሌና የአርሲ ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ይህ እንስሳ በሳይንስ መዝገብ የገባው በ1910 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው። ከሁለት ዓመት አስቀድሞ አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሻለቃ ገድሎ ቆዳውንና ቀንዱን ወደ አገሩ ወሰደው፤ ሪቻርድ ላይደከር የተባለ ሊቅም ስም አወጣለት። ከአፍሪካ ትልልቅ የአጋዘን ወገኖች ሁሉ በመጨረሻ በሳይንስ የታወቀው እሱ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ሲመሠረት አንዱ ምክንያት ይህንኑ እንስሳ መጠበቅ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን በፓርኩ ውስጥ ብዙ አጋዘን ተገደለ፤ በኋላ ቀስ በቀስ አገገመ። በ2016 ዓ.ም. ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እንስሳው ግን ዛሬም የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው አንዱ ነው።

ከአያቴ ጋር የማንስማማበት ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። በፈቃድ ግን ከውጭ አገር የሚመጡ አዳኞች ብዙ ዶላር እየከፈሉ በተከለለ የአደን ቀበሌ በቁጥር የተወሰነ ወንድ አጋዘን መግደል ይችላሉ። አያቴ ይህን ይደግፋሉ። «አየህ ልጄ፥ ሽማግሌው ወንድ ከመንጋው ወጥቷል፤ የሚወልደውን ወልዷል። ዱካውን አንብቦ እሱን ብቻ የሚመርጥ ሰው ደኑን አይጎዳም። ገንዘቡም ለጥበቃ ይውላል» ይላሉ። እኔ የባዮሎጂ መምህራችንን ጠይቄ ነበር። ከግልገሎቹ የብዙዎቹ አባት ሙሉ ዕድሜ ላይ የደረሰው ትልቁ አውራ መሆኑን አስረዱኝ። ዱካ ደግሞ የእንስሳውን ትልቅነት ይናገራል እንጂ ከሴቶቹ ጋር ያለው ነገር ማለቁን አይናገርም። ብቻውን ሲሄድ የተገኘው አውራ ታኅሣሥ ሲመጣ፥ የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ፥ ወደ መንጋው ይመለስ እንደ ሆነ ከጭቃ ላይ ማን ያነበዋል? ይህን ለአያቴ ባቀርብላቸው ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «እሱን በዱካ አይቼ አላውቅም» አሉ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ባለፈው ጥቅምት አያቴንና እኔን አንድ ዘመዳችን በመኪና ከከተማችን ብዙ ወደማይርቅ የጥድ ደን ወሰደን። ስሙን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ በውስጡ ያሉት ድኩላዎች ጥቂት ናቸው። በጠዋት ደርሰን ከጥበቃው ጋር ገባን። ብዙ ሳንሄድ ከምንጭ አጠገብ የተሳለ ኮቴ፥ ከዚያም ለጋ አምጃ ሥሩ ድረስ ተቀጥቅጦ አገኘን። ቅርፊቱ እርጥብ ነበር። አያቴ ጣታቸውን አስነክተው «ዛሬ ነው» አሉ። ከፊታችን ካለው ጥሻ ውስጥም ውሻ የሚመስል ድምፅ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ ይህም ድኩላ ሲደነግጥ የሚያሰማው ድምፅ ነው። በዐይናችን አላየነውም።

ዱካውን ወደ ኋላ ተከትለን ከየት እንደ መጣ ለማየት ስንሄድ፥ በሁለት ቁጥቋጦ መካከል በጠበበችው መተላለፊያ ላይ የሽቦ ወጥመድ ተዘርግቶ አየን። ያጠመደው ሰው ሥራውን የሚያውቅ ነው። ከፍታውን በድኩላው አንገት ልክ አድርጎታል፤ በጠጡንም ኮቴውንም እንደ እኛው አንብቧል። አያቴ በዚያን ዕለት ሲቆጡ አየሁ። እሳቸው ሽማግሌውን ወንድ መርጦ መግደል ያውቃሉ፤ ሽቦው ግን እርጉዟን፥ ግልገሉን፥ የአህያ ውርንጭላውን አይለይም። በዚህስ አንከራከርም። ሽቦውን ፈትተን ለጥበቃው ሰጠነው። እሱም ወደ ጎጆው ወስዶን አንድ ማዳበሪያ ከፈተልን፤ ውስጡ እስከ አፉ ሽቦ ነበር። በዚያ ዓመት የለቀመው መሆኑን ነገረን።

እንግዲህ አንዳንድ አንባቢ «ይህን ሁሉ በመጽሔት ማውጣት አጥማጁን ማስተማር አይሆንም ወይ?» ይል ይሆናል። እኔም ከመጻፌ በፊት አስቤበታለሁ። ነገር ግን አጥማጁ ጥበቡን ከእኔ አይማርም፤ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቀዋል። የማናውቀው በየእሑዱ እንጦጦና ሌላም ደን የምንወጣው የከተማ ልጆች ነን፤ ድኩላው በአጠገባችን አልፎ፥ ሽቦውም በአጠገባችን ተዘርግቶ ሁለቱንም ሳናይ እንመለሳለን።

መሞከር ለሚወድ ሰው ጥሩው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው፤ መሬቱ ገና አልደረቀም፥ ዝናቡ ግን ዱካውን አያጥብም። ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት መውጣት ይሻላል፤ በዚያን ጊዜ ጥላው በኮቴው ውስጥ ስለሚገባ ጥልቀቱ ይታያል። ዱካውን ከራስና ከፀሐይ መካከል አድርጎ ማየት፥ ማስመሪያ አስጠግቶ መለካት፥ በደብተር መሳል ያስፈልጋል። ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ለማወቅ አያቴ ጥቂት አመድ በጨርቅ ቋጥረው ይይዛሉ፤ በጣታቸው መታ ሲያደርጉት የሚበንነው አመድ አቅጣጫውን ያሳያል። በዱካው ላይ አለመርገጥ፤ ከጎኑ መሄድ። ሽቦ ያገኘ ሰው ደግሞ ቦታውን በምልክት ይዞ ለደኑ ጥበቃ ይንገር፤ ብቻውን አይፍታው፥ የተወጠረው እንጨት ሲለቀቅ ፊት ይመታልና።